ስለ ባጅ ቁጥር 17 እና ሦስት ጊዜ ስለጠፋው ደወል

የምስክርነት ቃል መቀበያ

የምስክሩ ሙሉ ስም፦ ሙህዲን አሊ ይማም
ዕድሜ፦ 31 ዓመት
የትውልድ ቦታ፦ ጎብዬ
አድራሻ፦ ሰሜን ወሎ ዞን፣ ቆቦ ከተማ፣ ቀበሌ 03
ሥራ፦ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ተከላና ጥገና
ሃይማኖት፦ እስልምና
ጉዳዩ፦ የአዋላጅ ነርስ ወ/ሪት ዳናይት ተስፋይ መሰወር
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ዓርብ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም፣ ከቀኑ 8:15
ቃሉን የተቀበሉት መርማሪ፦ ዋና ሳጅን ወሰንየለሽ ሞላ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተመዘገበው እኔ፣ ስለ ጉዳዩ ያየሁትን፣ የሰማሁትንና በገዛ እጄ ያደረግኩትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ለመናገር ምዬ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ከመጀመሬ በፊት ምስክር ነኝ ወይስ ተጠርጣሪ ብዬ መርማሪዋን ጠይቄያቸዋለሁ። «ለጊዜው ምስክር ነህ» ብለውኛል። «ለጊዜው» የምትለዋ ቃል እንዳስፈራችኝ እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ተጽፎልኛል። ነገር ግን ከእኔ መታሰር ይልቅ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፤ ልጅቷ ከትናንት ማታ ጀምሮ የት እንዳለች አይታወቅም፤ እኔ ደግሞ የሰው መገኛ የሚያሳይ መሣሪያ የተከልኩ ሰው ነኝ።

ሥራዬ ዲሽ መትከል፣ የጥበቃ ካሜራ መዘርጋትና የተበላሸ ኢንቨርተር መጠገን ነው። በጥቅምት ወር መጀመሪያ በከተማችን የሚገኘው የሀድራ የእናቶችና ሕፃናት ክሊኒክ ባለቤት ሐጂ ታሂር ጠሩኝ። አምና አንድ አስታማሚ በአንዲት ነርስ ላይ እጁን ሰንዝሮ ማንም ሳይሰማ ስለቀረ፣ ሠራተኞቹ ያሉበትን ክፍል የሚያሳይ፣ ሲጨንቃቸውም የሚጣሩበት መሣሪያ እንድተክል ተዋዋልን። ዕቃው በካርቶን ታሽጎ ከአዲስ አበባ መጣ፤ መመሪያውን ሦስት ቀን ሙሉ አንብቤ ነው የጀመርኩት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሠራተኛው አንገቱ ላይ በሚያንጠለጥለው ባጅ ውስጥ በትንሽ ባትሪ የምትሠራ አስተላላፊ አለች። በየክፍሉ ጣሪያ ላይ ደግሞ የክብሪት ቤት የምታክል ተቀባይ ሰቅያለሁ፤ ሠራተኞቹ «ጆሮ» ይሏታል። ጆሮዋ በአጠገቧ ያለውን ባጅ ሰምታ ካርድ ክፍል ላለው ኮምፒውተር ትነግረዋለች። ኮምፒውተሩ ላይ የክሊኒኩ ካርታ አለ፤ ሰውየው ባለበት ክፍል ላይ ነጥብ ይበራል። ማን ስንት ሰዓት ላይ የት እንደነበረም ተመዝግቦ ይቀመጣል። ባጁ ላይ ቀይ ቁልፍ አለች፤ ስትጫን ኮምፒውተሩ ይጮሃል፤ ቀጥሎ በዋናው በር ዘበኛው ቤት ያለው ሳይረን ይጮሃል።

ካርታውን የሠራሁት እኔው ነኝ። ባጅ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እያንዳንዱን ክፍል ዞሬያለሁ፤ ግድግዳውንና ኮሪደሩን በሜትር ለክቻለሁ። የቆቦ ሙቀት ስለሚታወቅ ሰው ጋውኑን አውልቆ ያገኘው ምስማር ላይ ይሰቅላል፤ ስለዚህ ባጁ ጋውን ላይ እንዳይሰካ፣ አንገት ላይ ብቻ እንዲሆን አጥብቄ ተናግሬያለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ሠራተኞቹ ሳያውቁት ቁልፏን እየነኩ ሳይረኑ ሲጮህ ምጥ ላይ ያሉ ሴቶች ደነገጡ። በዚህ ምክንያት ሳይረኑ ወዲያው መጮሁ ቀርቶ ሃያ ሰከንድ እንዲዘገይ አደረግኩ። በዚህ ሃያ ሰከንድ ውስጥ ኮምፒውተሩ አጠገብ ያለ ሰው ምክንያቱን ጽፎ ደወሉን ማጥፋት ይችላል። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም።

ዳናይት ተስፋይ የክሊኒኩ አዋላጅ ነርስ ናት። ዕድሜዋ ሃያ ስድስት ይሆናል፤ ቤተሰቦቿ ዋጃ ሱቅ አላቸው፤ በየቀኑ በሚኒባስ ትመላለሳለች። ጥቅምት 27 ቀን ባጅ ሳድል የእሷን ተቀብላ ሄደችና ሰው ሲወጣ ተመልሳ መጣች። «ይሄን ካርታ ውጭ ያለ ሰው ያየዋል?» አለችኝ። ከካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር በቀር የትም እንደማይታይ ነገርኳት። አልረካችም። «የሚፈልገኝ ሰው አለ። የት እንደምውል እንዲያውቅ አልፈልግም» አለች፤ ይህን ስትል በሩን በሩን ታይ ነበር። ማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ አፍራለች መሰለኝ። እዚያው ፊቷ ስሟን ከካርታው ላይ ሰርዤ ቁጥሯን ብቻ ተውኩላት፤ ቁጥሯ 17 ነው። የማን ባጅ እንደሆነ የተጻፈው በእኔ ደብተር ላይ ብቻ ነው። «አብሽሪ ዳናይት፣ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም» አልኳት። አመስግናኝ ሄደች።

ትናንት ሐሙስ ኅዳር 18 ቀን ከጠዋቱ 3:40 ገደማ ካርድ ክፍል ቁጭ ብዬ የባጆቹን ባትሪ ሳይ ራዊያ ገባች። ራዊያ የዳናይት የሥራ ባልደረባና የቅርብ ጓደኛ ናት። በር ላይ ሲጠይቁ ያገኘቻቸውን ሁለት ሰዎች አስከትላለች። አንደኛው ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው ቀጠን ያለ ረጅም ሰው ነው፤ ጥቁር ጃኬት ለብሷል። ሁለተኛው ነጠላውን አዘቅዝቆ የለበሰ፣ ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ ነው፤ ከገባ እስኪወጣ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ራሱን ብቻ ይነቀንቃል። ራዊያ በሩን ዘጋችና «ሙሄ፣ የዳናይት አባት አርፈዋል» አለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን ብዬ ተነሳሁ።

ረጅሙ ሰውዬ ሰመረ እባላለሁ፣ የአጎቷ ልጅ ነኝ አለ። አማርኛው የዋጃ ሰው አማርኛ ነው፤ አልፎ አልፎ ትግርኛ ጣል ያደርግበታል። አባትየው ሌሊት በልብ ሕመም ማረፋቸውን ተናገረ። «እሷ እንዳትሰማ አደራ። ሥራ ላይ ከሰማች ትወድቅብናለች። ማታ አባትሽን አሟቸዋል ብለን በመኪና እንወስዳትና ጠዋት ቤቷ፣ ዘመድ መሐል እናረዳታለን» አለ። ቀጥሎም የመጡት ክሊኒኩን ለማሳወቅ እንደሆነ፣ የሽማግሌውን ነጠላ ካየች ግን እንደምትባንን፣ ስለዚህ ሳትገናኛቸው እንዲወጡ የት እንዳለች እንድንነግራቸው ጠየቀ።

ይህን የሚያነብ የሌላ አገር ሰው ቢኖር ይስቅብኝ ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን መርዶ እንደ ወሬ አይነገርም። ሰዓት አለው፣ ቦታ አለው፣ የሚናገረውም ሰው ተመርጦ ነው። እስከዚያ ያወቀ ሁሉ አፉን ይዘጋል፤ ያወቀ ሰው አምልጦት ቢናገር ዕድሜ ልኩን ይወቀሳል። የእናቴን መርዶ የተረዳሁ ጊዜ ወልድያ ነበርኩ። ጓደኞቼ ቀኑን ሙሉ ጆተኒ ሲያጫውቱኝ፣ ሆን ብለው ሲሸነፉልኝ ዋሉ፤ እኔ ጅሉ ዛሬ እጄ ተባርኳል እያልኩ ስስቅ ነበር። ኋላ አልተቀየምኳቸውም። እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። እናም ሰመረ የተባለው ሰው ይህን ሲጠይቀኝ ወረቀት አሳየኝ፣ መታወቂያህን አምጣ ማለት በአእምሮዬ አልመጣም። በሐዘን የመጣን ሰው መታወቂያ የሚጠይቅ ማን ነው?

ደብተሬን አውጥቼ ቁጥር 17ን ፈለግኩ፤ ካርታውን ከፈትኩ። ነጥቧ ማዋለጃ ክፍል ላይ ነበረች። አሳየሁት። ከዚያ «ማታ ስትወጣ በየትኛው በር ነው? ዘመዶች ዋናው በር ላይ ተሰብስበው ብታያቸው ጉድ ይፈላል» አለኝ። የአሥራ ሁለት ቀን መዝገብ ከፈትኩለት። ከአሥራ ሁለቱ ቀን ዘጠኙን ከቀኑ 11:10 እስከ 11:15 ባለው ጊዜ በኋላ በር ወጥታለች። የኋላ በር ማለት የልብስ ማጠቢያው በኩል ያለው፣ ዘበኛ የሌለበት ነው። ዋናው መንገድ ላይ እንዳትታይ ብላ በዚያ እንደምትሄድ ያን ጊዜ አልገባኝም፤ አሁን ገብቶኛል። ሰውዬው ስልኩን አውጥቶ ኮምፒውተሩን ፎቶ አነሳ፤ ለሽማግሌዎቹ ላሳያቸው ነው አለ። ሊወጣ ሲል ዘወር ብሎ «ዘበኛው ከዚያ በር ይታያል?» ብሎ ጠየቀኝ። አይታይም አልኩት። ጥያቄዋን፣ ሐዘን ያለበት ሰው የሚናገረውን አያውቅም ብዬ አለፍኳት። ሰው ማመን ቀብሮ ነው ይባላል፤ እኔ ግን በአሥር ደቂቃ አምኜዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኖ ዋለ። ራዊያ ለሐጂ ታሂር ነገረቻቸው፤ ሐጂም ለሌሎቹ፤ ከዳናይት በቀር ያልሰማ ሠራተኛ አልነበረም። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ጾሟን ልትገድፍ ስትል ራዊያ የምስር ሳምቡሳ ገዝታ አመጣችላት፤ በእጇም አጎረሰቻት። ዳናይት እየሳቀች «ዛሬ ምን ሆናችኋል? ሁላችሁም ሙሽራ አስመሰላችሁኝ» አለች። እኔ የባጇን ባትሪ ለማየት ጠጋ ስል ፊቴን አየችና «አንተስ ምነው ጠቆርክ? ታመሃል?» አለችኝ። ሙቀቱ ነው አልኳት። አንድ ቃል አፌ ላይ ደርሳ ነበር። «የአጎትሽ ልጅ ሰመረ የሚባል አለ?» ብዬ ብጠይቃት ይበቃ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከተናገርኩ መርዶው በእኔ አፍ ይወጣል ብዬ ፈራሁ። ባትሪው ሙሉ ነው ብያት ሄድኩ።

ከቀኑ 11:14 ላይ ራዊያና እኔ ካርድ ክፍል ነበርን። ኮምፒውተሩ ጮኸ። ስክሪኑ ላይ «ቁጥር 17፣ የኋላ በር፣ ዕርዳታ» የሚል ቀይ ጽሑፍ መጣና ሃያው ሰከንድ መቁጠር ጀመረ። ራዊያ አፏን በሻሿ ያዘችና «ነገሯት። እዚያው ነገሯት» ብላ አለቀሰች። እኔም እንደዚያ ነው ያሰብኩት። ዘመዶቿ አላስቻላቸውም፣ በር ላይ ተናገሩ፣ እሷም ስትወድቅ ወይ ደረቷን ስትመታ ቁልፏን ነካችው አልኩ። ሳይረኑ ቢጮህ ዘበኛው ዱላ ይዞ ለቀስተኛ መሐል ይገባል፤ ምጥ ላይ ያሉት ሴቶችም ይደነግጣሉ። ደወሉን አጠፋሁት። ፕሮግራሙ ያለ ምክንያት አያጠፋም፤ ሣጥኑ ውስጥ «መርዶ» ብዬ ጻፍኩ።

11:15 ላይ እንደገና ጮኸ። ራዊያ «ተዋት ሙሄ፣ ይውጣላት» አለችኝ። እንደገና አጠፋሁት። 11:16 ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸ። ይህኛው ረዘም ያለ ነበር፤ ቁልፏን ተጭነው ሳይለቋት ሲቀሩ ድምፁ አይቆራረጥም። ይህንንም አውቃለሁ፤ ስፈትሽ ራሴ ተጭኜ አይቻለሁ። አጠፋሁት። አራተኛውን ጠበቅኩ፤ አልመጣም። 11:17 ላይ ነጥቧ ከካርታው ጠፋች። እኔም «አልሐምዱሊላህ፣ ተረጋጋች» አልኩ። ይህን ማለቴን ራዊያ ሰምታለች፤ እኔም አልክድም።

ከካርድ ክፍሉ እስከ ኋላ በር አርባ ስድስት ሜትር ነው። ለክቼ ካርታው ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተነስቼ ብሮጥ ከሳይረኑ እኩል እደርስ ነበር። ከትናንት ጀምሮ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ያንን ኮሪደር ነው የማየው።

ዛሬ ጠዋት 12:30 ላይ ሐጂ ታሂር፣ ራዊያ፣ እኔና አምስት ሠራተኞች ሚኒባስ ይዘን ለለቅሶ ወደ ዋጃ ሄድን። ቤቱ ጋ ስንደርስ ደጁ ላይ ድንኳን የለም፤ ሰውም የለም። ዘግይተው ይጥሉ ይሆናል አልን። ራዊያ እንደ ወጉ ከአጥሩ በር ጀምራ ድምፅ አውጥታ ማልቀስ ጀመረች፤ ሴቶቹም ተከተሏት። በሩ ተከፈተ። ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው ሰውዬ መፋቂያ አፋቸው ውስጥ እንዳለ ወጡ። አንድ በአንድ አዩንና መፋቂያውን አውጥተው «ማን ሞተ?» አሉን። ሐጂ ታሂር የሟቹ ወንድም መስለዋቸው «አንቱ የሟች የአቶ ተስፋይ ማን ነዎት?» ብለው ጠየቋቸው። ሰውዬው «ተስፋይ እኔ ነኝ» አሉ።

እኔ ክው አልኩ። አጥሩን ያዝኩ። ራዊያ እንባዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ልቅሶዋን አቋረጠች። አቶ ተስፋይ ገና አልገባቸውም ነበር፤ ሰው ተሳስተን የመጣን መስሏቸው ግቡ እያሉን ነበር። ከዚያ ራዊያን ለይተው አወቋት፤ የልጃቸው ጓደኛ መሆኗን በፎቶ አይተው ያውቃሉ። «ዳናይትስ? ትናንት ተረኛ ናት መሰለን፤ አላደረችም እኮ» አሉ። ያን ጊዜ ሁላችንም እርስ በርስ ተያየን። ነገሩን የተናገርኩት እኔ ነኝ። ረጅም ሰው፣ ጥቁር ጃኬት፣ ስሙ ሰመረ ስላቸው ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። ሰመረ የአጎቷ ልጅ እንዳልሆነ ነገሩን። አንድ ዓመት ያህል እጮኛዋ የነበረ፣ እጁን ሲያነሳባት ቀለበቱን የመለሰችለት ሰው ነው፤ ዳናይት ይህን ለራዊያም ነግራት አታውቅም። በግንቦት ወር በሽማግሌ ፊት «እኔ ካላገባኋት አፈር ያገባታል» ብሎ መዛቱን ተናገሩ። ከእሱ ጋር የነበረውን ሽማግሌ በመልኩ ገለጽኩላቸው፤ እንዲህ ያለ ዘመድ የለንም አሉ። ምናልባት ከገበያ የተለመነ ሰው ይሆናል፤ እኔ አላውቅም።

ከዋጃ በቀጥታ ወደዚህ ጣቢያ መጥተን አመለከትን። ከዚያ ከ2:30 በኋላ ክሊኒክ ሄጄ መዝገቡን ሳገላብጥ አንድ አዲስ ነገር አገኘሁ። ሐጂ ታሂር ጎብዬ ላይ አንዲት ትንሽ ቅርንጫፍ አላቸው፤ ከአስፋልቱ ጥግ ናት። ባለፈው ሳምንት እዚያም ሁለት ጆሮ ሰቅያለሁ፤ አንዷ መንገዱን በሚያየው መስኮት ላይ ናት። ጆሮዋ የራሷ ባትሪ አላት፤ ትናንት ማታ ግን ጎብዬ መብራት ጠፍቶ ኢንተርኔቱ ስለተቋረጠ የሰማችውን የላከችው ዛሬ ጠዋት መብራት ሲመጣ ነው። በመዝገቡ መሠረት ባጅ ቁጥር 17 ትናንት ከቀኑ 11:49 ላይ ለአራት ሰከንድ በዚያ አልፋለች። ስለዚህ መኪናው ወደ ደቡብ፣ ወደ ወልድያ አቅጣጫ ነው የሄደው። ይህን ወረቀት አትሜ ለመርማሪዋ ሰጥቻለሁ። ከጎብዬ ወዲያ የተከልኩት ጆሮ የለም።

ከረፋዱ 4:20 ላይ ካርድ ክፍል ውስጥ ራዊያ፣ አቶ ተስፋይና እኔ ነበርን። የዳናይት ስልክ ከትናንት ጀምሮ ዝግ ነው። የራዊያ ስልክ በማናውቀው ቁጥር ጠራ። አነሳችውና ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ዳናይት ነበረች። በሹክሹክታ ነው የምትናገረው፤ ከበስተኋላዋ የውሃ ፓምፕ የመሰለ ድምፅ ይሰማ ነበር። «ራዊያ፣ አቦይን የት ቀበሩት?» አለች።

ራዊያ «አልሞቱም፣ ወላሂ አልሞቱም፣ ይኸው አጠገቤ አሉ፤ የት ነሽ አንች?» አለቻት። ዳናይት የመለሰችላት ቃል በቃል ይህ ነው፦ «አትዋሺኝ እህቴ። ትናንት ሁላችሁም ፊታችሁ ልቅሶ ነበር፤ አይቻችኋለሁ። እሱ ሲነግረኝ አላመንኩትም ነበር፤ የእናንተን ፊት ሳስብ ነው ያመንኩት። ቀብሩን ብቻ ንገሪኝ፤ ስልኩን ልትወስደው ነው።» አቶ ተስፋይ «ጓለይ፣ ልጄ» ብለው ስልኩን ከራዊያ እጅ ሲነጥቁ መስመሩ ተቋርጧል። በተቋረጠው ስልክ ላይ ረጅም ጊዜ ስሟን ጠሩ። ደግመን ስንደውል ዝግ ነው ይላል። ቁጥሩን ለመርማሪዋ አስመዝግቤያለሁ። «ልትወስደው ነው» ስላለች ስልኩን ያዋሰቻት ሴት ትመስለኛለች፤ ከዚህ በላይ መገመት አልችልም።

መርማሪዋ ለምን ያለችበትን ቦታ አልተናገረችም ብለው ጠይቀውኛል። እኔ የሚመስለኝን እናገራለሁ። ጊዜ ያጣች አይመስለኝም። ያገኘቻት አንዲት ስልክ ናት፤ ያለችበትን መናገር ትችል ነበር፤ እሷ ግን አባቷን ጠይቃ ጨረሰቻት። እንዳታመልጥ ያደረጋት የእሱ ገመድ ብቻ አይደለም። ውሸቱን የተናገረው እሱ ነው፤ እውነት ያስመሰልነው እኛ ነን፤ ቀኑን ሙሉ ፊቷ ላይ ቆመን።

ራዊያ ዝም ያለችው ወጉን አክብራ ስለሆነ በእሷ ላይ ጥፋት እንዳይጻፍ እለምናለሁ። ሰዓቱንና በሩን የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ደወሉን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ዳናይት ከተገኘችና ማን እንደነገረባት ከጠየቀች ስሜ ይነገራት። ሌላው ልመናዬ ይህ ነው፦ ደግማ ብትደውል ከእኛ ማንም እንዳያነሳው፤ የእኛን ድምፅ አታምንም። የራዊያ ስልክ ቻርጅ ተደርጎ ለአቶ ተስፋይ ተሰጥቷል። እሳቸው ይህን ቃል በምሰጥበት ክፍል ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። ቃሌን እስከጨረስኩበት ሰዓት ድረስ አልደወለችም።

ከላይ ያለውን ቃል ዋና ሳጅን ወሰንየለሽ ሞላ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አንብበውልኛል። የተጻፈው የተናገርኩት ነው፤ የሚታረም የለኝም፤ የሚቀነስልኝም አልጠየቅኩም። ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኝ፣ ገብቶኝ ፈርሜያለሁ።

ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ ከቀኑ 10:05

የምስክሩ ስምና ፊርማ፦ ሙህዲን አሊ ይማም ____________

ቃሉን የተቀበሉት መርማሪ ስምና ፊርማ፦ ዋና ሳጅን ወሰንየለሽ ሞላ ____________